በሰው እግር የተገባ ስለት

የካቲት 9

ለእናቴ፣

እንደምን ከረምሽልኝ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ጆሮሽስ ትንሽ ሻል አለው? እኔ ከናፍቆትሽና ከእግሬ በቀር ደህና ነኝ። ደብዳቤሽን አባ በቤተ ክርስቲያኑ ስልክ ፎቶ አንስተው ልከውልኝ ወዲያው አነበብኩት። ከሥሩ "እኔ አላነበብኩትም፣ ዝም ብዬ ነው የላክሁት" ብለው ጽፈዋል። ካላነበቡት ታዲያ "እናትሽን አታሳዝኛት" የምትለውን ከየት አመጧት?

"ትሄጃለሽ ወይስ አትሄጂም፣ ቁርጡን ንገሪኝ" ብለሻል። ቁርጡ ይኸው፣ ትናንት ሄጃለሁ። ግን እማዬ፣ አንድ ጊዜ ልናገርና ይውጣልኝ። ስለት የሚሳል ሰው በራሱ ጉልበት ነው የሚሳለው። አንቺ እዚያ ቁጭ ብለሽ በእኔ እግር ተሳልሽ! "ልጄ በጾሙ ዓርብ ዓርብ አንድ ቤተ ክርስቲያን ትሳለማለች፣ አንተ ደግሞ ወንድሟን ታገናኛታለህ" ብለሽ ከእግዜር ጋር ስትዋዋዪ እኔን ማን ጠየቀኝ? ደግሞስ ብተወው ስለት በላ የምትባለው ማን ናት፣ አንቺ ነሽ እኔ?

እሱ እኮ ለኔም ወንድሜ ነው። ከሴሚናሪው፣ ከዚያ የቅስና ትምህርት ቤቱ፣ በራሱ ፈቃድ ወጣ ከተባለ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፣ ከዚያ ወዲህ ያቺ አድራሻ የሌላት የሰላምታ ካርድ ብቻ። የፖስታ ማህተሟ የዚህ ከተማ ነው ብለሽ የጻፍሽልኝ ቀን ሥራ ቦታ አንሶላ ሳጥፍ እንባዬ እየወረደ ነበር። እኔ ባለሁበት ከተማ እየኖረ እኔን አይፈልግም? ስልኩን ለወጠ፣ ለኔ እንኳ አልነገረኝም።

እዚህ ዓርብ የሥራ ቀን ነው። የአረጋውያን መጦሪያው ልብስ ማጠቢያ ክፍል ደግሞ ዓርብ ሲሆን ይብስበታል፣ ቅዳሜና እሁድ ጠያቂ ስለሚመጣ የአልጋው ሁሉ አንሶላ ዓርብ ነው የሚቀየረው። አለቃዬን "መንፈሳዊ ጉዞ አለብኝ" አልኳት። "የት አገር?" አለችኝ። "እዚሁ፣ በአውቶቡስ" አልኳት። ዓይኗን አፍጥጣ አየችኝና እሁድን ከሠራሁላት ዓርብ ከሰዓት እንድወጣ ፈቀደች።

የመጀመሪያው ከመጦሪያው ጀርባ ያለው ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ነው። አሮጊቶች፣ አንድ ከዘራ የያዘ ሽማግሌ፣ ከዚያ እኔ። ፍኖተ መስቀሉን፣ የጌታን የመከራ መንገድ፣ ከሥዕል ሥዕል እየዞሩ ጸለዩ፣ እኔም አብሬ ዞርኩ። ቄሱ የለም። የኛን ቄስ፣ ወንድሜን ማለቴ ነው።

ልጅሽ

*

የካቲት 17

ይድረስ ለዓይኔ ብርሃን፣

ሰላምታዬ ቁጭ ካልሽበት ይድረስሽ። ቁጭ ካልሽበት ያልኩት ሆን ብዬ ነው፣ ቆሜ ነው የምውለው እያልሽ አንጀቴን በላሽው። እኔ ደህና ነኝ። የሁለተኛው መንፈቅ ዩኒፎርም ስፌት በላይ በላዩ መጥቶብኝ ከመኪናዬ አልተነሳሁም። ጆሮዬን አትጠይቂኝ። አባ እንኳ ሊያናግሩኝ ሲፈልጉ ትከሻዬን ነው የሚነኩት።

በአንቺ እግር የተሳልኩት የኔ እግር አውሮፕላን ስለማይሳፈር ነው። ስለት በላ የምባለው እኔ ነኝ፣ አይዞሽ። ግን እኔ ስለት በልቼ አንቺ ጦምሽን የምታድሪ እንዳይመስልሽ፣ የእናት ዕዳ ለልጅ ነው።

"ይወፍር ይክሳ፣ ጺም ያሳድግ አያሳድግ ምን አውቄ፣ በምን ልለየው?" ብለሽ ኋላ ለላክሽልኝ፣ በአቀማመጡ ለዪው። ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ፣ ጥግ ይዞ ነው የሚቀመጠው። በልጅነቱ ትራስ መሬት ላይ ደርድሮ ቅዳሴ ሲቀድስልን፣ ያኔ "ቄሱ" ብለን ስም ስናወጣለት እንኳ፣ ሰው ሲበዛበት ሮጦ ይደበቅ ነበር። ፍኖተ መስቀል እንደሆነ አይተውም። አባታችሁ በጾሙ መሃል ከሞተ ወዲህ የያዘው ነው። ሴሚናሪውን ይተው፣ እኔን ይተው፣ እሷን ግን አይተዋትም። እናቱ ነኝ፣ አውቀዋለሁ።

"ባገኘው ምን ልበለው?" ላልሽው ደግሞ፣ ምንም አትበይው። እጁን ያዢው። አትቆጪው። ቁጣ ካማረሽ ለኔ ጻፊልኝ፣ እኔ ለምጄዋለሁ።

ሰው ይጠይቀኛል። እሁድ ከቅዳሴ ስንወጣ "ቄሳችን መቼ ነው የሚመጣልን?" ይሉኛል። "እየተማረ ነው፣ ትምህርቱ ረጅም ነው" እላለሁ። እውነቱን የምናውቀው አባና እኔ ብቻ ነን። አባ ውሸት አይወዱም፣ ስለዚህ እኔ ስዋሽ እሳቸው ጣሪያውን ያያሉ። ቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያው ሊያፈስ ነው መሰለኝ እያለ ሰዉ አብሮ ቀና ይላል።

ፈልጊልኝ ልጄ። ሞቶ ከሆነም ልወቀው፣ ኖሮ ከሆነም ልወቀው። እንዲህ አንጠልጥሎ የሚያስቀምጥ ነገር ነው የገደለኝ።

እናትሽ

*

የካቲት 30

ለእናቴ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ስላዘገየሁ ይቅርታ፣ ስመለስ እንደ እንጨት ነው አልጋዬ ላይ የምወድቀው።

ኋላ በላክሽው ወረቀት "እውነቱን ንገሪኝ፣ አግኝተሽው ደብቀሽኝ ነው?" ብለሻል። ወላዲተ አምላክ ምስክሬ ናት፣ አላገኘሁትም። ባገኘው እኮ እግሬም ያርፍ ነበር፣ ለምን እደብቅሻለሁ?

ከባቡር ጣቢያው ማዶ ያለው ሄጃለሁ። ትልቅ ነው፣ ብርድ ነው፣ ሰው ካፖርቱን ሳያወልቅ ነው የሚጸልየው። በሚቀጥለው ዓርብ የሄድኩበት ዝግ ነበር። በሩ ላይ ወረቀት ለጥፈዋል፣ ጸሎቱ ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውሯል ይላል። አውቶቡሱ ሄዷል፣ እግሬ አብጧል፣ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ያንቺን ስለት እዚያው ተሳለምኩት። እግዜር ተቀብሎ ከሆነ ተቀበለ፣ ካልተቀበለም የዘጉበትን ይጠይቅ።

ትናንት ደግሞ ጉድ ሆንኩ። ሞቅ ያለ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ማሞቂያው አጠገብ ተቀመጥኩ። ጌታ ሁለተኛ ጊዜ ወደቀ ሲሉ እኔም ወደቅሁ! እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ። ስነቃ ጸሎቱ አልቆ አንዲት ሴትዮ ወለሉን በማሽን እየጠረገች ነው፣ እኔን ላለመቀስቀስ በእግሬ ዙሪያ ዞራ ሄዳለች። የመጣ ሰው ቢኖር እንኳ አላየሁም። ይህን ልደብቅሽ አስቤ ነበር።

አንዲት ባለ ባርኔጣ አሮጊት አለች፣ እሷም ዓርብ ዓርብ ከቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን ትዞራለች። ሁለት ቦታ ተገናኝተናል። "እንዳንቺ ያለች ትጉህ ተሳላሚ አላየሁም" አለችኝ። አፈርኩ። ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሲጸልይ እኔ እኮ የወንዱን ሁሉ ማጅራት ነው የማየው። ኃጢአት ከሆነ ግማሹ ያንቺ ነው። የካህናቱን በር እያንኳኳሁ ፎቶውን አሳያለሁ። ትህትና አላቸው፣ መነጽራቸውን አድርገው አገላብጠው ያያሉ፣ ከዚያ "አናውቀውም፣ እንጸልይለታለን" ይሉኛል።

ሥራዬን ጠይቀሽኛል። እዚህ የእያንዳንዱ ሽማግሌ ልብስ ላይ ስሙ ተሰፍቷል፣ እንዳይቀላቀል። ሰው ሲሞት ልብሱ ለመጨረሻ ጊዜ ወደኛ ይወርዳል፣ ይታጠባል፣ ከዚያ ስሙን የምፈታው እኔ ነኝ። በዚህ ሳምንት የአንዲት ጥሩ ሴትዮ ሹራብ ወረደልኝ። ስሟን ስፈታ ወንድሜ ትዝ አለኝ፣ የት ወድቆ ማን ስሙን ፈታው እያልኩ ዋልኩ።

ደክሞኛል እማዬ። ብተወው ትቀየሚኛለሽ?

ልጅሽ

*

መጋቢት 5

ለልጄ፣

እንደምን አለሽልኝ? እኛ ጋ ጾሙ ሰኞ ገባ። አንቺ እኩሌታውን ጨርሰሽዋል፣ ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይወጣል።

እግርሽን ለብ ባለ ውሃ ጨው አድርገሽ ንከሪው፣ ስትተኚ ከፍ አድርጊው። ጫማሽን አንድ ቁጥር ጨምሪ። ስም ስትፈቺ ደግሞ በመቀሱ ጫፍ ክሩን አትሳቢ፣ ሹራብ ከሆነ ይተረተራል። ከጀርባው በኩል አንድ አንዱን ስፌት ቁረጪና በጣትሽ ንቀዪው። የሞተ ሰው ልብስም ቢሆን ሌላ ሰው ይለብሰዋል።

ስሙን ማን ፈታው ያልሽውን ሁለተኛ እንዳትጽፊልኝ። ሟርት ነው። እንዲህ ያለውን ነገር በአፍሽም በእጅሽም አታውጪ።

"ብተወው ትቀየሚኛለሽ?" ብለሻል። አዎ፣ እቀየማለሁ። ምን ልበልሽ፣ ልዋሽሽ? አንቺ ከልጅነትሽ ጀምሮ ቶሎ ነው የሚደክምሽ። ሹራብ ትጀምሪያለሽ፣ እጅጌው ላይ ትተዪዋለሽ። ይሄ ግን ሹራብ አይደለም፣ ወንድምሽ ነው። የቀረሽ ጥቂት ዓርብ ነው። ስቅለት ዕለት ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ሂጂ፣ የዚያን ቀን የማይመጣ የለም።

እናትሽ

*

መጋቢት 23

እማዬ፣

ቶሎ ነው የሚደክምሽ ያልሽኝን ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። እሺ። ይሁን። አሥራ አንድ ዓመት የሰው አንሶላ ቆሜ ያጠብኩት ቶሎ ስለሚደክመኝ ነው።

ስለትሽ አልቋል። እዚህ ፋሲካ ትናንት ሆነ። ስቅለት ዕለት እንዳልሽኝ ትልቁ ሄድኩ፣ መግቢያው ላይ ቆሜ የገባውን ሁሉ አየሁ፣ ሲወጡም ቆሜ አየሁ። የሌሎች ሰዎች ወንድሞች ነበሩ፣ የኔ የለም። አላለቀስኩም። እንዲያውም ምንም አልተሰማኝም፣ አሁን የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

ከዚያ በእግሬ ስመለስ መንገዴ ላይ አንድ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ከዳቦ ቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ፣ ሄጄበት አላውቅም። በሩ ክፍት ስለነበር ለመቀመጥ ብቻ ገባሁ። የሚከፍተውና የሚዘጋው ሽማግሌ ሊዘጋ ነበር። ልምድ ሆኖብኝ ፎቶውን አሳየሁት። አላወቀውም። "የናንተ አገር ሰው ግን አንድ አውቃለሁ" አለኝና ሳቀ። "አምና ፋሲካ አልፎ በሳምንቱ ዓርብ መጣ፣ የከሳ፣ ጺማም። መቅደሱ በአበባ ተሞልቷል፣ ሁሉ ነገር ነጭ ለብሷል። ሰውዬው ግን ጫማውን አውልቆ ከመጀመሪያው ሥዕል ጀምሮ እየተንበረከከ ፍኖተ መስቀል ይጸልያል፣ ያለቅሳል! ወንድሜ፣ ጌታ ተነስቷል እኮ፣ ስቅለት አልፏል አልኩት። ራሱን ነቀነቀና ቀጠለ።" ሽማግሌው ለሰው ሁሉ የሚያወራው ቀልዱ ነው መሰለኝ። ያ ምስኪን አእምሮው ተነክቶ ይሆናል። በየጎዳናው ስንቱ አለ። እኔ በሰው ሥቃይ የሚሳቅበትን ቤት ትቼ ወጣሁ።

በቃኝ እማዬ። ከፈለግሽ በራስሽ እግር ተሳዪ። ሳልሰናበትሽ እንዳልቀር ብዬ ነው እንጂ ይህንንም መጻፍ አልፈለግሁም ነበር።

ልጅሽ

*

መጋቢት 25

አንቺ ልጅ! አንቺ ልጅ!

መጀመሪያ ይቅር በይኝ። ቶሎ ይደክምሻል ያልኩት ምላሴ ይቆረጥ። ያንን ከጻፍኩ በኋላ ሳልተኛ ነው የሰነበትኩት። አባም ፊታቸውን አዙረውብኝ ነበር፣ እንዳላነበቡት እየማሉ።

አሁን ስሚኝ። ያ ጺማም እብድ አይደለም። ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ ዓርብ ነው የመጣው አልሽ? አምና የኛ ስቅለት መቼ ነበር? የነሱ ፋሲካ አልፎ በሳምንቱ ዓርብ! ሁላችንም ካቶሊክ ብንሆንም እኛ በአገራችን አቆጣጠር ነው የምንጾመው፤ የነሱና የኛ አንዳንድ ዓመት ይገጥማል፣ አንዳንድ ዓመት በሳምንት፣ አንዳንዴም ከወር በላይ ይለያያል። ያ ሰው የኛን ስቅለት ነው የጸለየው፣ ጫማውንም ያወለቀው እንደኛ ነው።

ምን ዓይነት ደንቆሮዎች ነን! እኛ ጋ ጾም ሰኞ ገባ ብዬ በገዛ እጄ ጽፌልሻለሁ፣ አንቺም አንብበሽዋል፣ ሁለታችንም አላሰብነውም። ከነሱ ጋር የሚጾም የመሰለኝ እነሱ ሴሚናሪ ቤት ስለነበረ ነው። ከቤታቸው ከወጣ ታዲያ በማን ጾም ይጾማል? በእናቱ ነዋ! በማን ይሆናል?

ፋሲካሽን የጨረስሽ አንቺ ነሽ እንጂ እኛ ገና ነን። ዘንድሮ ስቅለት ሚያዝያ 25 ነው። እዚያችው ዳቦ ቤቷ አጠገብ ሂጂልኝ። አዝሻለሁ ማለቴ አይደለም። እለምንሻለሁ።

እናትሽ

*

ሚያዝያ 3

ለእናቴ፣

ሰላም ነሽ? ይቅርታሽን ተቀብያለሁ፣ የኔንም ተቀበዪኝ። "በራስሽ እግር ተሳዪ" ያልኩት ክፉ ንግግር ነው።

ደብዳቤሽን ያነበብኩት ማድረቂያው አጠገብ ቆሜ ነው። ቀና ስል አለቃዬ "ምን ሆንሽ?" አለችኝ። "ሁለት ፋሲካ አለን፣ ረስቼው" አልኳት። "ሌላ ዓርብ ልትጠይቂኝ ነው ማለት ነው?" አለች። ሞኝ አይደለችም።

እሄዳለሁ። ግን እሱ ባይሆንስ፣ ሌላ ሰው ቢሆንስ? ከሩቅ የመጣ ጺማም እዚህ ሞልቷል። ተስፋ አድርገሽ እንደገና ብትወድቂ ማን ያነሳሻል?

ሌላም ጥያቄ አለኝ፣ ላለመጠየቅ ብዙ ታግያለሁ። እሱ ከሆነስ? ምን እንዲሆንልሽ ነው የምትፈልጊው? እስካሁን በየደብዳቤሽ "ቄሱ" ነው የምትዪው። ሰፈሩ ሁሉ የመጀመሪያ ቅዳሴውን ይጠብቃል። የማገኘው ሰው ቄስ ባይሆንስ፣ መቼም የማይሆን ቢሆንስ? አግባብቼ ወደ ሴሚናሪው ልመልሰው ነው የምሄደው ወይስ ልፈልገው? ይህን ሳላውቅ ፊቱ አልቆምም። ስለዚህ ከልብሽ መልሽልኝ፣ ለኔ ደስ እንዲለኝ ብለሽ አይደለም።

ልጅሽ

*

ሚያዝያ 26

እማዬ፣

ቁጭ ብለሽ አንብቢው። አባ አጠገብሽ ካሉም ይቀመጡ።

እሱ ነው። አለ። ጤነኛ ነው፣ ከስቷል እንጂ።

አሁን ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ለዚያ ሁሉ ጥያቄዬ "ይኑርልኝ ብቻ" ብለሽ ሁለት ቃል ነበር የላክሽልኝ። ከዚያ በኋላ ደስ ብሎኝ ነው የሄድኩት። እዚህ ትናንት ተራ ዓርብ ነው። ዳቦ ቤቱ ፊት ሰው ተሰልፏል፣ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ሽማግሌው የአበባ ውሃ እየቀየረ ነው እንጂ ማንም የለም። ከበሩ አጠገብ ጥጉን ይዤ ተቀመጥኩ። ብዙ ቆየሁ። ተስፋ ቆርጬ ልነሳ ስል በሩ ተከፈተና አንድ ነጭ የወጥ ቤት ሱሪ የለበሰ ሰው ገባ። አላየኝም። ጫማውን አውልቆ አግዳሚው ሥር አስቀመጠ። ያኔ አወቅሁት፣ ጫማ ሲያወልቅ አሁንም ግራውን በቀኙ ረግጦ ነው፣ አንቺ በጥፊ ትዪበት እንደነበረው።

አልጠራሁትም። ከምንም በላይ በሩ ክፍት ነው፣ ይሮጥብኛል ብዬ ፈራሁ። ተነስቼ ከኋላው ተከተልኩት። እሱ አንድ ሥዕል ፊት ይንበረከካል፣ እኔ እሱ የለቀቀው ፊት እንበረከካለሁ። እንዲህ ሆነን ግማሹን ዞርን። ከዚያ ሳይዞር፣ ሥዕሉን እያየ፣ በቀስታ "እግርሽን ያምሻል፣ ተቀመጪ። ስጨርስ እመጣለሁ" አለኝ። ሲደክመኝ እንደ አንቺ ነው አሉ የምተነፍሰው፣ በሱ ነው ያወቀኝ። እኔም እሺ ብዬ ተቀመጥኩ። ሁለት ዓመት የጠፋብኝን ሰው አሥር እርምጃ ላይ አስቀምጬ ጸሎቱን እስኪጨርስ ጠበቅሁት፣ ታምኚኛለሽ?

ጨርሶ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ። አልሳመኝም፣ ቀና ብሎም አላየኝም። ጉልበቱን እያየ "መቼ ነው?" አለኝ።

"ምኑ?" አልኩት።

"ያረፈችው" አለኝ።

ገባሽ እማዬ? መርዶ ልነግረው የመጣሁ መስሎት ነው! እህቱ ከተማውን አስሳ የምትፈልገው ለመርዶ ካልሆነ ለምን ነው ብሎ። ግማሹን ፍኖተ መስቀል ሞተሻል ብሎ ሲያለቅስልሽ ነው የጨረሰው። እኔ ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቄ መጣ። ማቆም አቃተኝ። "ማን ሞተ! አለች! እየተሳደበች ነው! በኔ እግር ተስላ ነው ይህን ሁሉ ያዞረችኝ!" አልኩት። ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ፣ ልጅ ሆኖ እንደሚያለቅሰው አለቀሰ። ሽማግሌው ሮጦ ውሃ አመጣልን። እኔ እየሳቅሁ እሱ እያለቀሰ ሲያየን ይህ ሕዝብ በሙሉ ነው የተነካው ሳይል አልቀረም።

ከሴሚናሪው ሲወጣ ወሬው ይገድላታል ብሎ ነው የጠፋው። ቢጽፍ የሚመለስለት ደብዳቤ "እናትህ እኮ" ብሎ የሚጀምር እየመሰለው ሁለት ዓመት ብዕር አንስቶ ያስቀምጣል። ያቺን ካርድ እንኳ አድራሻ ያልጻፈባት መልስ ፈርቶ ነው። ለምን ወጣህ አልኩት። ይህን ልጻፍልሽ አልጻፍልሽ ብዬ አስቤ፣ "ከልብሽ መልሽልኝ" ያልኩሽ እኔ ነኝና እጽፈዋለሁ። "ቄስ መሆን የምፈልገው እኔ ነኝ እማዬ ናት ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። መልሱን ሳላውቀው ልሾም ደረስኩ" ነው ያለኝ።

የሆስፒታል ወጥ ቤት ድስት ያጥባል። እጁ ከኔ ብሷል፣ ተሰነጣጥቋል። እኔ አንሶላ እሱ ድስት፣ በአንድ ከተማ ሁለት አጣቢ ወልደሻል፣ እንኳን ደስ ያለሽ። ዛሬ እኔ ጋ ነው ያለው፣ ነገም እኔ ጋ ነው ፋሲካን የሚውለው፣ እዚህ የኛን ፋሲካ የሚያውቅ ሰው ባይኖርም። ራሱ ይጽፍልሻል። ምን ብዬ ልጀምር እያለ ስንት ወረቀት ቀደደብኝ።

እኔ ልተኛ። መጦሪያው ነገ ጠዋት ይጠብቀኛል።

ልጅሽ

*

ግንቦት 5

ለልጄ፣

ደብዳቤህን አባ ራሳቸው ቤቴ ድረስ ይዘውልኝ መጡ። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ "አንብቤዋለሁ" አሉኝ። እኔም አልተቆጣሁም።

እንደምን አለህልኝ? እጅህን ቫዝሊን ቀባው፣ ስትተኛ ቀብተህ ካልሲ አጥልቅበት። እህትህንም ተቆጣልኝ፣ ጫማ አንድ ቁጥር ጨምሪ ብያት አልጨመረችም።

"ተናደድሽብኝ?" ብለሃል። አዎ። በሕይወት መኖርህን ስሰማ መሬቱን ሳምኩት፣ ከተነሳሁ በኋላ ግን ተናደድኩ። ሁለት ቀን መኪናዬን አልነካሁም። የሴሚናሪውን አይደለም። እሱን ሰምቼ ማልቀስ ጨርሻለሁ። የተናደድኩት እናትህን ሞታ ይሆናል እያልክ ሁለት ዓመት ብቻህን ስላለቀስክላት ነው። እኔ እንደሁ በዋዛ የምሞት ሰው ነኝ? በአንድ ወሬ? አባትህን ቀብሬ፣ ሁለታችሁን በመርፌ አሳድጌ፣ "ልጅሽ ትምህርት ተወ" ስባል ነው የምሞተው? ንቀኸኛል።

"ቄስ እንድሆን የፈለግሽው አንቺ ነሽ ወይ?" ላልከው መልሱ አዎ ነው። ፈልጌ ነበር። አሁንም አምሮኝ ይቀር ይሆናል፣ አልዋሽህም። ግን ሰው ያማረው ሁሉ አይሆንለትም፣ እኔም ነጠላ ጠላፊ መሆን አምሮኝ ዩኒፎርም ሰፊ ሆኛለሁ። አልሞትኩም።

"ለሰዉ ምን ትያለሽ?" ብለህ ተጨንቀሃል። ተወው፣ ብያለሁ። ትናንት ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሊወጣ ሲል "ማስታወቂያ አለኝ" አልኳቸው አባን። ጣሪያውን አዩ። ፊት ወጥቼ ቆምኩና "ቄሱ የምትሉት ልጄ ቄስ አይሆንም። ከሴሚናሪው ወጥቷል። ሁለት ዓመት ጠፍቶብኝ እየተማረ ነው እያልኩ ስዋሻችሁ ኖሬያለሁ። አሁን ተገኝቷል። የሆስፒታል ድስት ያጥባል። እልል በሉልኝ" አልኩ። ዝም አሉ። የማይሰማኝ እኔ እንኳ ዝምታው ተሰማኝ። እርስ በርስ ተያዩ። ምን አፌን ከፈተው አልኩ። ከዚያ ከኋላዬ ማን እልል ቢል ጥሩ ነው? አባ! ካህን እልል ሲል አይተህ ታውቃለህ? አይችሉበትም ደግሞ፣ እንደ ሳል ነው። ከዚያ ሴቶቹ አፍረውላቸው ነው መሰለኝ ተቀበሉ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሊፈርስ ደረሰ።

ስለዚህ እዚህ የሚያሳፍርህ ሰው የለም። የሚጠይቅህ ካለም መጀመሪያ እኔን ይጠይቃል።

መጨረሻ ላይ የጻፍከውን ግን ደግሜ ነው ያነበብኩት። "ልመጣ እፈልጋለሁ፣ ግን ቄስ ሊሆን ሄዶ ባዶ እጁን የተመለሰ ተብዬ እንዴት እመጣለሁ?" ብለሃል። ልጄ፣ ስትወለድ ምን ይዘህ መጣህ? ራቁትህን፣ እየጮህክ ነው የመጣኸው። ማንም ምን ይዘሃል አላለህም፣ እጃችንን ዘርግተን ነው የተቀበልንህ። አሁንም እንደዚያው ና።

እናትህ